የረጠቡት መጻሕፍትና ሞዴል 19

መጽሐፍ ይከብዳል። ይህን ከአውቶቡስ ተራ ተሸካሚዎች አስበልጦ የሚያውቅ የለም። ሲሚንቶም፣ ሽንኩርትም፣ የሙሽራ ቁም ሣጥንም የለመደ ትከሻ መጽሐፍ የታጨቀበት ካርቶን ሲያርፍበት ያቃስታል። ከካርቶኖቻችን አንዱን ያነሳው ጎልማሳ ወዲያው መልሶ መሬት አስቀመጠውና «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሞሉበት?» አለኝ። «መጽሐፍ ነው፤ ለሆሳዕና አካባቢ ልጆች የሚሄድ» አልኩት። ትንሽ ቆም ብሎ አየኝ። «እኔም የሾኔ ልጅ ነኝ። ይያዙልኝ እስቲ በዚያ በኩል» አለና ተጋግዘን በቅጥቅጡ አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ጫንነው። ሒሳብ ስንተሳሰብም ከተነጋገርነው ላይ ቀንሶ ወሰደ። የቤተ መጻሕፍታችን የመጀመሪያው ለጋሽ ማን ነው ብባል እሱን ነው የምጠራው።

ነገሩ የተጠነሰሰው በመስቀል ሰሞን ነበር። በእኛ አገር ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን የሚያከብሩት በዚያው ወቅት ስለሆነ ከአዲስ አበባም፣ ከሐዋሳም፣ ከጆሃንስበርግም ልጅ ወደ እናቱ ቤት ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም የከረመው ቅቤ ይወጣል፣ አታካናው ይሠራል፣ ጎረቤት በጋራ ያዋጣበት ሰንጋ ይታረዳል። ከሥጋው ቅርጫ በኋላ የከተማችን ተወላጆች ተሰብስበን ስለ ልጆቻችን ስናወጋ አንዲት መምህርት ተነሥታ፣ «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚቀመጡበት ቦታ የላቸውም። ያለው ፑል ቤት ነው፣ ጫት ቤት ነው፣ ወይም መንገድ ዳር ነው» አለች። ያን ማታ ሁሉም እጁን ዘረጋ። አንዱ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ወንድማችን ለመደርደሪያ የሚሆን ገንዘብ ቃል ገባ። ሌላው ከውጭ አገር መጽሐፍ እንደሚያስመጣ ነገረን። አንድ የአካባቢው መሥሪያ ቤት የማይሠራበትን ክፍል ሊሰጠን ተስማማ። ከተማችን ከሆሳዕና እምብዛም አትርቅም፤ ትንሽ ናት። እኔ ደግሞ መጽሐፎቹን ከአዲስ አበባ አጅቤ ላደርስ ኃላፊነቱን ወሰድሁ።

የደቡብ አፍሪካን ነገር ያነሣሁት በዋዛ አይደለም። ሆሳዕናንና ዱራሜን ዛሬ ላየ፣ ከፎቆቹ ብዙዎቹ በዚያ መንገድ በመጣ ገንዘብ የቆሙ ናቸው። ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶች በሞያሌ አድርገው በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል መውረድ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። ከእነሱ መካከል ቤተሰብ ያቀኑ፣ እናት ያስታመሙ፣ ወንድምና እህት ያስተማሩ ብዙ ናቸው። መንገዱ ደግሞ ይበላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ በቴቴ ግዛት፣ የአንድ ጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሳስብ ሁልጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ይታየኛል። ይሂድም ይቅርም፣ ከመወሰኑ በፊት የሚሄድበትን ዓለም ካርታ ተቀምጦ የሚያይበት፣ ቋንቋ የሚማርበት፣ ሌላም መንገድ እንዳለ የሚያነብበት አንድ ጠረጴዛ ከተማው ሊያዘጋጅለት ይገባል።

መጽሐፎቹ ሲሰበሰቡ ልግስና ብቻውን እንደማይበቃ ገባኝ። ከውጭ ከመጡት ካርቶኖች ውስጥ ለልጅ የሚሆኑ፣ ሥዕላቸው የሚያምር መጻሕፍት ነበሩ። ከእነሱ ጋር ግን የሌላ አገር የግብር ሕግ ማብራሪያ፣ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበት የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ፣ ግማሹ የጎደለ ኢንሳይክሎፒዲያ ተቀላቅሏል። ሰው መደርደሪያውን ሲያጸዳ የሚያወጣው መጽሐፍና ልጅ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ከመዋጮው ቆርሰን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የፊዚክስና የሒሳብ አጋዥ መጻሕፍት፣ የቆዩ የብሔራዊ ፈተና ጥያቄዎች፣ መዝገበ ቃላት፣ የአማርኛ ልብ ወለዶችና ተረቶች ገዛን። ይህ ቅንጦት እንዳልነበር በኋላ አገር ሁሉ አየው፤ በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ቁጥር ጀርባ ቤቱ አጋዥ መጽሐፍ የሌለው፣ ማታ መብራት የሌለው፣ የሚጠይቀው ሰው የሌለው ልጅ ሁሉ አለ።

ጉዞው በሰኔ ነበር። በዓለም ገና፣ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ ሆሳዕና የሚያደርሰው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡታጅራን እንዳለፍን ሰማዩ ጠቆረ። ወራቤ ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪውን ጎማ ለማውረድ ረዳቱ ሸራውን ከፈተ፤ ጎማው ከተቀየረ በኋላ ሸራውን ሳያስር ተነሣን። ዝናቡ የጠበቀው ይህን ይመስል ወዲያው ወረደ። እኔ ከውስጥ ሆኜ ጣሪያው ላይ የሚወርደውን ውኃ እየሰማሁ «ወንድሜ፣ አቁምልን፣ ሸራው!» እላለሁ፤ ሾፌሩ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው፣ መቆም አይቻልም። ተሳፋሪዎቹ አብረውኝ ጮኹ። በመጨረሻ ሜዳ ላይ ሲቆም ሁለት ወጣቶች ሳይጠየቁ ጣሪያ ላይ ወጥተው በዝናብ ውስጥ ሸራውን ጠፍረው አሰሩት። ካርቶኖቹ ግን ቀድመው ጠጥተዋል።

ሌላ ነገርም ሆነ። ከካርቶን የተረፉትን መጻሕፍት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን ስለነበር፣ ወራቤ ላይ የወረደ አንድ የበርበሬ ነጋዴ የእኛን ከረጢት የራሱ መስሎት አወረደ። እኛ ሆሳዕና ደርሰን ስንፈታ የማረቆ በርበሬ አገኘን። ያን ሌሊት መጽሐፉ ጠፋ ብዬ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነጋዴው ግን በማግስቱ በሌላ መኪና ላከልን። አንድም የጎደለ አልነበረም። እንዲያውም ልጁ ተምራባቸው የጨረሰቻቸውን የ8ኛ ክፍል መጻሕፍት ጨምሮበታል። እኛም በርበሬውን መለስንለት። የማላውቀው ሰው፣ ከሌላ ዞን፣ ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቅ በእኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እጁን አስገባ።

ከተማችን ስንደርስ ቃል የተገባልን ክፍል ተቆልፎ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። በመስኮት ስናይ ክፍሉ እስከ ጣሪያው ድረስ የአፈር ማዳበሪያ ተደርድሮበታል፤ ዘር የሚዘራበት ጊዜ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ መጋዘን አድርጎታል። የረጠበ መጽሐፍ ደግሞ አይጠብቅም። ተዘግቶ ከተቀመጠ ሁለት ቀን ገደማ በቂው ነው፤ ሻጋታ ይጀምረዋል። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው የልጆች መጽሐፍ ደግሞ ገጹ ሳይለያይ ከደረቀ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲላቀቅ ሥዕሉም ፊደሉም አብሮ ይላጣል። ያን ማታ የረዳን የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። አንድ የመማሪያ ክፍል ከፍቶልን ፋኖስ ለኮሰ። አንዲት እናት ከጓሯቸው የእንሰት ኮባ አስቆርጠው መጡና «መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ልጄ፤ በዚህ ላይ አድርጉት» አሉኝ። ኮባውን ወለሉ ላይ አነጠፍን። መጻሕፍቱን በቁማቸው ገጻቸውን በትነን አቆምናቸው፤ በየመካከሉ አሮጌ ጋዜጣ ሰገሰግን፤ ጋዜጣው ሲረጥብ በሌላ እንለውጣለን።

በማግስቱ ልጆች መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ሥራው ገጽ መግለጥ ነበር፤ አንድ ገጽ ገልጦ ንፋስ ማስገባት፣ ሌላ ገጽ መግለጥ። ልጅ ደግሞ ገጽ ገልጦ ሳያነብ አያልፍም። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ውስጥ የፊደል ቆጠራ ድምፅ፣ ሥዕል አይቶ የመሳቅ ድምፅ፣ «ይሄን ለእኔ፣ ይሄን ለእኔ» የሚል ክርክር ሞላ። አንዲት ልጅ የዓለም ካርታ ያለበትን ገጽ ይዛ ካርታውን እስኪደርቅ ድረስ ለማንም አልሰጥም አለች። አንድ ወንድ ልጅ ያነበበውን ተረት ለታናሹ በሀዲይኛ እየመለሰ ይነግረዋል። ሪባን ያልተቆረጠበት፣ ንግግር ያልተደረገበት ምረቃ ያ ነበር።

ያን ቀን ያሰብኩት አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን ነው። ነገሌ ቦረና ተወልደው፣ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ በእጃቸው የገባው 19 ዓመት ሲሆናቸው እንደነበር ይናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት አሜሪካ ገብተው፣ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ተምረው፣ በሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። እዚያ ለየቋንቋው የልጆች መጽሐፍ ሲፈልጉ በአማርኛ የተጻፈ አጡ። ስለ ማሞ የሚተርክ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸውን ትተው ከዚያው ከሳንፍራንሲስኮ በልግስና የተሰበሰቡ 15 ሺህ መጻሕፍት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ከደራሲዋ ጄን ከርትዝ ጋር ተባብረው፣ በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት የሾላን የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ጄን ከርትዝ ልጅነቷን ማጂ ያሳለፈች፣ የአሜሪካ ሚስዮናውያን ልጅ ናት። በሐዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ እየተጫኑ ልጆች ዘንድ ይሄዱ ነበር። የመሠረቱት ድርጅት ኢትዮጵያ ሪድስ በኋላ እኛ ዘንድም፣ በከምባታ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈቱ ረድቷል። አቶ ዮሐንስ መጽሐፉን አውርደው አልሄዱም። ቤታቸውን ከፈቱለት፣ ሠራተኛ ቀጠሩለት፣ በየዓመቱ ገንዘብ እየለመኑ አኖሩት።

የእኛው ክፍል በመጨረሻ ተከፈተ፤ ማዳበሪያው ለገበሬው ከተከፋፈለ በኋላ። መደርደሪያ ቆመ፤ መጽሐፉ ደርቆ ገባ። እዚህ ላይ ነው ሞዴል 19 የመጣው። የመንግሥት ቢሮ ንብረት ሲረከብ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ሲያወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። የተመዘገበ ዕቃ ከጎደለ የፈረመው ሰው ከደሞዙ ይከፍላል። የተመደበልን ጨዋ ወጣት መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ፈረመ። ከዚያ በኋላ መደርደሪያው ላይ ቁልፍ አንጠለጠለ። ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ያንን መጽሐፍ» ሲለው «ከጠፋ እኔ ነኝ የምከፍለው» ይለዋል። ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ልጆች አሉት። እሱን የሚወቅስ ልብ የለኝም። መጽሐፉን የቆለፈው ደንቡ ነው። የሚያልቅ፣ የሚቀደድ፣ የሚጠፋ ዕቃ መሆኑን አውቆ በየዓመቱ የተወሰነ ጉድለት የሚፈቅድ አሠራር ያለው ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው መጽሐፉን ለልጅ የሚያበድረው።

ክፍሉ ሁለት መስቀል ሳይሞላው መዳከም ጀመረ። መብራት ቆጣሪው በሌላ ቢሮ ስም ስለነበር ተቆረጠ። ወጣቱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ፤ ቦታው «በተደራቢነት» ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ያ ሰው ስብሰባ ሲኖርበት በሩ አይከፈትም። ልጆቹ መጥተው ሲያጡ ሲያጡ መምጣታቸውን ቀነሱ። እኛም ከአዲስ አበባ ስንደውል ስለ መጽሐፍ ቁጥር እንጂ ስለ መብራት ሒሳብ የጠየቀ አልነበረም።

አንድሩ ካርኔጊ የተባለው ባለ ብረት ፋብሪካ ይህን ቀድሞ ያየ ሰው ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ደሃ ቤት የተወለደ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ከ2,500 በላይ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃዎች አሠርቷል። ነገር ግን ገንዘቡን ለሚጠይቀው ከተማ የሚያቀርበው ጥብቅ ውል ነበረው፤ ከተማው መሬቱን ይስጥ፣ ደግሞም የሕንፃውን ዋጋ አንድ አሥረኛ በየዓመቱ ከራሱ ገቢ ለመጽሐፍ፣ ለሠራተኛና ለጥገና እንደሚመድብ ይፈርም። ሕንፃው 10,000 ዶላር ከፈጀ ከተማው ዓመት በዓመት 1,000 ያወጣል። ውሉን ያልፈረመ ከተማ ሕንፃ አላገኘም። ከእሱ 50 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1833፣ ፒተርቦሮ የተባለች የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ነዋሪዎች ተሰብስበው ከግብራቸው ቆርሰው ቤተ መጻሕፍት ለማስተዳደር ወሰኑ፤ ያ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

እኛ ይህን ከባሕር ማዶ መማር አያስፈልገንም። የመስቀል ሰንጋ የሚገዛው በመስከረም በሚመጣ ገንዘብ አይደለም። ጎረቤት ተስማምቶ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል፤ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ ያልከፈለ ይጠየቃል። እድርም እንዲሁ ነው። ማንም ዛሬ ለሚሞት ሰው ዛሬ አያዋጣም፤ ወር በወር የሚከፈለው ነው ድንኳኑንና ሣህኑን የሚያቆየው። ቤተ መጻሕፍትን ግን በአንድ ማታ ቃል ኪዳን፣ በአንድ ሰው ልግስና ልናቆመው ሞከርን። እሱም እንደ እድሩ ወርሃዊ መዋጮ፣ ጸሐፊና ኦዲት ያስፈልገው ነበር።

ገንዘቡ ሲገኝ ምን እንግዛ የሚለውም ጉዳይ አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች ሀዲይኛና ከምባትኛ ይገኙበታል። ያኔ የተማሩት እናቶች ቋንቋቸውን በግዕዝ ፊደል ያነባሉ። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ያንኑ ቋንቋ ትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ይማራሉ። አንድ ቤት ውስጥ አያት የያዘችውን የልጅ ልጅ አያነብም፤ የልጅ ልጅ የያዘውን አያት አታነብም። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለቱንም ማስቀመጥና ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው ማግኘት አለበት። ሀዲይኛ በቅርብ ዓመታት የንባብ መማሪያ መጻሕፍት ከተዘጋጁባቸው 7 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ከምባትኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 «ትንሹ ልዑል» የተባለውን የልጆች መጽሐፍ «ቃኪቹ ላሃ» በሚል ርእስ አግኝቷል፤ ተርጓሚው ደግነት ወታንጎ ዶይሶ፣ ተባባሪዋም የከምባትኛን ሰዋስው የጻፈችው የቋንቋ ምሁር ኢቮን ትራይስ ናት። ኡልሪሽ ብራውካምፐር ስለ ሀዲያ ታሪክ በጀርመንኛ ያሳተመው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ስለ እኛ የተጻፈው መጽሐፍ እኛ ከተማ መደርደሪያ ላይ ሳይኖር፣ የሌላ አገር የግብር መመሪያ ቦታ ሊይዝ አይገባም።

አሁን ጊዜው ይመቻል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በሆሳዕናና በዱራሜ ግቢ አለው፤ ቤተ መጻሕፍት የሚያደራጅ ባለሙያ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወጣት ሞልቶበት አይቻለሁ፤ ደስ ብሎኛልም። ለአንዲት ትንሽ የሀዲያ ወይም የከምባታ ከተማ የሚያስፈልገው ግን የአንድ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደሞዝ፣ የመብራት ሒሳብ፣ ለአዲስ መጽሐፍ የሚሆን ጥቂት ገንዘብና የጠፋውን መጽሐፍ ከሠራተኛው ኪስ የማያስከፍል መመሪያ ነው።

ስለዚህ የከተማ ምክር ቤቶች በዓመታዊ በጀታቸው ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል አንድ መስመር ይጻፉ፤ ገንዘቡ ትንሽም ቢሆን ዓመት በዓመት አይቋረጥ። እኛ ተወላጆች ደግሞ ወር በወር እናዋጣ፤ ዝርዝሩ ላይ ከጆሃንስበርግም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከቀበሌውም ስም ይኑር። ወራቤ ያለው በርበሬ ነጋዴና አውቶቡስ ተራ ያለው የሾኔ ልጅ ሳይጠየቁ የሰጡትን ያህል እኛም ተጠይቀን እንስጥ። በሚመጣው መስቀል ስንሰበሰብ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ካርቶን መጣ የሚለው አይሁን። የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ደሞዝ እስከሚቀጥለው መስቀል ማን ይከፍላል ብለን እንጠይቅ፤ መልሱም በስም፣ በገንዘብ ልክና በፊርማ መዝገብ ላይ ይስፈር።